ለአንባቢው ፀሐይ፣ ለመጽሐፉ ጥላ

(በደብረ ብርሃን ከተማ በንባብ ወዳጆች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር። አንዳንድ ድግግሞሽ ከመቀነሱ በቀር እንደተነገረ የቀረበ ነው።)

ክቡራን አባቶችና እናቶች፣ መምህራን፣ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ደግሞም ከኋላ ቆማችሁ የምትሰሙኝ ተማሪዎች፤ እንደምን አረፈዳችሁ! እዚህ ፊት ለፊት ባዶ ወንበር አለ፤ ኑ፣ ተቀመጡ። በሩ በተከፈተ ቁጥር ብርዱ ቀድሞ የሚያገኘው እናንተን ነው። ስለ በር ደግሞ ዛሬ ገና እናወራለን።

አዘጋጆቹ ስለ ዘመናዊ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሕንፃ እንድናገር ሲጋብዙኝ አንደኛው ወንድሜ «ፎቶ ይዘህልን ና፤ እኛም እንደዚያ አድርገን እናሠራለን» አለኝ። ፎቶ አልያዝኩም። ሆን ብዬ ነው። ፎቶ ካሳየኋችሁ ትገለብጡታላችኋ! እኔ ልነግራችሁ የመጣሁት ደግሞ እጅግ የምወደውን፣ ግን እዚህ ቢገለበጥ ጉድ የሚያፈላ አንድ ሕንፃ ነው።

ሦስት ነገር አነሣለሁ። አንደኛ፣ ያ ሕንፃ ምን ዓይነት እንደሆነ። ሁለተኛ፣ ወደ ደብረ ብርሃን፣ ወደ መሐል ሜዳ፣ ወደ አንኮበር ብናመጣው ምን እንደሚገጥመው። ሦስተኛ፣ ቤቱ የማን ነው፣ ማንስ ይጠብቀዋል። ሁለተኛው ላይ ቆየት እላለሁ። የአርክቴክት ወግ ነውና ታገሡኝ።

አስቀድሜ ግን «ዘመናዊ» ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ልንገራችሁ። ትናንት የተሠራ ማለቴ አይደለም። አዲስ አበባ የአፍሪካ አዳራሽን ያየ ሰው አለ? እጅ አውጡ እስቲ። ብዙ ናችሁ። ጣሊያናዊው አርክቴክት አርቱሮ መዘዲሚ ነድፎት በ1953 ዓ.ም. የተመረቀ ነው። ኮንክሪት፣ ብረት፣ መስታወት፣ ቀጥ ያለ መስመር። በዚህ አሠራር ሸክሙን የሚሸከመው ዓምዱ ነው፤ ግድግዳው ከሸክም ነፃ ወጥቷል፤ በፈለጉት በኩል ሊከፈት ይችላል። አሠራሩ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአውሮፓ ሲስፋፋ ከመልኩ ጋር አንድ ጥያቄ ይዞ መጥቷል፦ ይህ ቤት ለሚገባበት ሰው ምን ያደርግለታል? እኛ አገር መልኩ ቶሎ ገባ። ጥያቄው ግን አሁንም መንገድ ላይ ነው።

እንግዲህ ወደ አንደኛው ነገር።

ቪቦርግ የምትባል ከተማ አለች። ዛሬ ሩሲያ ውስጥ ናት፤ ቤተ መጻሕፍቷ ሲሠራ ግን የፊንላንድ ነበረች፤ ፊንላንዶች ቪፑሪ ይሏታል። የማሠሪያው ገንዘብ ከየት የመጣ ይመስላችኋል? ከአንድ የከተማዋ ነጋዴ ቤተሰብ ኑዛዜ! እዚህ አዳራሽ ውስጥ ነጋዴዎች እንዳሉ አይቻለሁ፤ ምንም አላልኩም።

እ.ኤ.አ. በ1927 ውድድር ወጣ፤ ገና 30 ዓመት ያልሞላው ፊንላንዳዊው አርክቴክት አልቫር አልቶ አሸነፈ። ያሸነፈበት ሥዕል የጥንቱን ዓይነት ሕንፃ ይመስል ነበር። ግንባታው ሲጓተት ግን ንድፉን ደጋግሞ ለወጠው፤ እ.ኤ.አ. በ1935 ያለቀው ቤት ነጭ፣ ጌጥ የሌለው፣ ፍጹም ሌላ ቤት ሆነ። መጓተት አንዳንዴ ይጠቅማል ማለት ነው። የእኛ አገር ተቋራጮች ይህንን እንዳትሰሙ።

አሁን ወደ ንባብ አዳራሹ ግቡ፤ በሐሳብ ተከተሉኝ። ዙሪያውን መስኮት የለም፤ ግድግዳው ሁሉ የመጽሐፍ መደርደሪያ ነው። ታዲያ ብርሃኑ ከየት ይመጣል? ቀና በሉ። ጣሪያው ላይ 57 ክብ ቀዳዳዎች አሉ፤ የእያንዳንዱ ስፋት 1.8 ሜትር ነው። ቀዳዳዎቹ ጥልቅ ናቸው። ፀሐይዋ በቀጥታ ወደ አዳራሹ አትወርድም፤ የቀዳዳውን የውስጥ ግድግዳ መትታ፣ ተበትና፣ ለስልሳ ነው የምትደርሰው። ከ57 ቦታ የመጣ ብርሃን እርስ በርሱ ስለሚቀላቀል አንባቢው በየትኛውም አቅጣጫ ቢቀመጥ የራሱ ጭንቅላትና የራሱ እጅ ገጹ ላይ ጥላ አይጥሉበትም። እናንተ ተማሪዎች፣ በአንድ አምፑል ሥር ስትጽፉ የእጃችሁ ጥላ ፊደሉን ሲሸፍነው ታውቁታላችሁ አይደል? አልቶ ያንን ጥላ አጠፋው።

የቀዳዳውንስ ጥልቀት በምን ለካ? በፀሐይዋ! በቪቦርግ ፀሐይ ከዓመት እስከ ዓመት ብትወጣ ብትወጣ ከ52 ዲግሪ ብዙም አትዘልም። እሱም 52 ዲግሪን ያዘና «ከዚህ ከፍታ የሚመጣ ጨረር ታች እንዳይደርስ» ብሎ ቀደደ። ለሥዕል እንዲያምር ብሎ አይደለም፤ የአገሩን ሰማይ ለክቶ ነው።

ሌላም አለ። ከፎቁ በታች የስብሰባ አዳራሽ አለ፤ የእንጨት ጣሪያው እንደ ማዕበል ከፍ ዝቅ ይላል። ምክንያቱ ድምፅ ነው። መድረክ ላይ ያለው ብቻ እንዲሰማ አላደረገውም፤ ከመሐል ተነሥቶ የሚናገረውም እንዲሰማ ነው። ክርክር የሚደረግበት ቤት ነዋ! ሕፃናቱ በመናፈሻው በኩል የራሳቸው በር አላቸው። ጋዜጣ ለማንበብ ብቻ የመጣ ሰውም ከመንገድ በቀጥታ የሚገባበት ክፍል አለው። ቀን ሠራተኛው ጭቃ ጫማውን እያየ በዋናው ደረጃ ላይ መሸማቀቅ የለበትም። ይህችን የበሩን ነገር ያዙልኝ።

ከዚያ ጦርነት መጣ። ከተማዋ ወደ ሶቪየት ኅብረት ገባች፤ ሕንፃው ለዓመታት ባዶውን ቆመ፤ ዝናብና በረዶ ገባበት። እ.ኤ.አ. በ1961 እንደገና ተከፈተ፤ ከዚያም ፊንላንዶችና ሩሲያውያን ተባብረው ለረጅም ዓመታት ሲያድሱት ቆይተው እ.ኤ.አ. በ2013 ጨረሱት። ሁለት አገር የተጣላባት ከተማ ውስጥ ሁለቱም «የኔ ነው» ብለው አንድ ቤተ መጻሕፍት አደሱ። እኔ ይህ ነገር ይገርመኛል።

ወደ ሁለተኛው እንሂድ። ይህንን ጣሪያ እንዳለ አንሥተን ደብረ ብርሃን ላይ እናስቀምጠው። ምን ይሆናል?

እኛ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ከ9 ዲግሪ ተኩል በጥቂቱ አለፍ ብለን ነው ያለነው። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሚያዝያ መጀመሪያና ነሐሴ ማብቂያ ገደማ፣ ፀሐይ በቀትር በትክክል አናታችን ላይ ትቆማለች። ዝቅ በምትልበት በታኅሣሥ እንኳ የቀትር ከፍታዋ 57 ዲግሪ ያህል ነው። አስተዋላችሁ? የኛ ዝቅተኛዋ የቀትር ፀሐይ ከእነሱ ከፍተኛዋ ትበልጣለች! ስለዚህ እነዚያ 57 ቀዳዳዎች እዚህ ቢመጡ ቀትር በደረሰ ቁጥር ጨረሯን በቀጥታ ወደ ታች ይለቋታል። አንባቢው ገጽ ላይ፣ መጽሐፉ ጀርባ ላይ። በዚያ ላይ በነሐሴ በረዶው ሲወርድ ጣሪያ ላይ ያለ መስታወት ምን እንደሚሆን ለእናንተ አልነግርም።

ያንን ጣሪያ የሚገለብጥ ሰው ታዲያ ከአልቶ ምን ተማረ? እኔ ምንም አልተማረም እላለሁ። አልቶን የተከተለ ሰው ሥዕሉን ይተውና «የኔስ ፀሐይ በየት በኩል ነው የምትሄደው?» ብሎ ይጀምራል። የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ ይሏል ይህ ነው።

ነገርን ነገር ያነሣዋልና አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ልጅ ሳለሁ ጎረቤታችን ድንጋይ ጠራቢ ነበሩ፤ ጋሼ ነው የምንላቸው። አንድ ባለቤት ቤት ሊያሠራ መጥቶ «ጋሼ፣ በሩን ወደ መንገዱ አድርጉልኝ፤ ሰው እንዲያየው» አላቸው። ጋሼ መዶሻቸውን ሳያስቀምጡ «መንገዱ ነገ ይዞር ይሆናል። ንፋሱ ግን አይዞርልህም» አሉት። ሰውየው አኩርፎ ሄደ። በሳምንቱ ተመልሶ በሩን ጋሼ በፈለጉት አቅጣጫ አስወጣ። ጋሼ አልቫር አልቶን አያውቁትም። ቢገናኙ ግን የሚግባቡ ይመስለኛል፤ አስተርጓሚ ብቻ ነው የሚያስፈልጋቸው።

አሁን ደግሞ የተገላቢጦሹን። ስሙን አልጠራውም፤ በደጋ አገር ያለ አንድ ቤተ መጻሕፍት ነው። ፊቱ ከላይ እስከ ታች መስታወት ነው፤ ምሽት ላይ በመኪና ስታልፉ ያምራል። የመስታወቱ ፊት ወደ ምዕራብ ይመለከታል፤ ለምን ቢባል ዋናው አስፋልት በዚያ በኩል ስለሆነ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ደረስኩ። ውስጡ ባዶ! አንባቢዎቹ በሙሉ ደጅ ናቸው፤ በጓሮው ደረጃ ላይ ተደርድረው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ገጽ ለመግለጥ ጣታቸውን ብቻ አውጥተው ፀሐይ እየሞቁ ያነባሉ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ስመለስ ደግሞ ሁሉም ውስጥ ገብተዋል፤ ግን ፀሐይዋ በመስታወቱ ገብታ ዓይናቸውን ስለወጋቻቸው ወንበራቸውን እየጎተቱ ወደ ኋለኛው ግድግዳ ተጠግተዋል። መስታወቱ ላይ የቆየ ጋዜጣ በፕላስተር ተለጥፏል። እዚያው መስታወቱ ሥር ያለው መደርደሪያ ላይ ቀይ የነበረው የመጽሐፍ ጀርባ ደጋግሞ እንደታጠበ ነጠላ ጥለት ፈዝዟል። ፀሐይ ቀለም ትበላለች፤ ወረቀት ታደርቃለች፤ ሙጫውን ትሰነጥቃለች። የመጽሐፉን በጀት ሰማይ እየበላው ነው!

እስቲ ልጠይቃችሁ። ያ ቤት ለማን ተሠራ? ለአንባቢው ነው ወይስ በመኪና ለሚያልፈው?

ስለዚህ እዚህ፣ በዚህ ከፍታ፣ 2,800 ሜትር ላይ፣ ምን እናድርግ? ሁለት ጌታ አለን፤ ፍላጎታቸውም አይገጥምም። አንባቢው ፀሐይ ይፈልጋል። መጽሐፉ ጥላ ይፈልጋል። የቤተ መጻሕፍት አርክቴክት ሥራው እነዚህን ሁለቱን አንድ ጣሪያ ሥር ማስታረቅ ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

መጀመሪያ ቤቱ ረጅሙን ጎኑን ለደቡብና ለሰሜን ይስጥ፤ አጭሩን ለምሥራቅና ለምዕራብ። የጠዋትና የማታ ፀሐይ ዝቅ ብላ ስለምትመጣ ክፍክፍ አይመልሳትም፤ በእነዚያ በኩል መስኮቱን ማሳነስ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር፣ ውርጭ በሚያጠቃን ወራት፣ ፀሐይ በደቡብ በኩል ነው የምታልፈው። እንግዲህ የአንባቢው መስኮት ደቡብ ይሁን። ከጠረጴዛው በላይ 2 ሜትር ከፍታ ያለው መስኮት ብታወጡ በታኅሣሥ ቀትር ፀሐይዋ በጠረጴዛው ልክ 1.3 ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ትገባለች። ይህ ምንድን ነው? የአንድ ሰው መቀመጫ ነዋ! አንባቢው ይሞቃል፤ ከኋላው ያለው መደርደሪያ አይነካም። በመስከረምና በመጋቢት ፀሐይዋ ወደ አናት ስለምትጠጋ ትንሽ ክፍክፍ ይመልሳታል። በክረምት ደግሞ ወደ ሰሜን ትሻገራለች፤ ደመናውም ይሸፍናታል።

መጽሐፎቹ መሐልና ሰሜን ይሁኑ። አሜሪካዊው ሉዊ ካን ኤክሴተር በምትባል ከተማ ለአንድ ትምህርት ቤት በሠራውና እ.ኤ.አ. በ1972 ባለቀው ቤተ መጻሕፍት እንደዚህ ነው ያደረገው። መጽሐፉን ወደ ውስጥ፣ አንባቢውን መስኮቱ ሥር። እያንዳንዱ ተማሪ የራሱ የእንጨት ጠረጴዛ፣ የራሱ ትንሽ መስኮት፣ ያችን መስኮት የሚዘጋበት የራሱ ተንሸራታች መዝጊያ አለው። ፀሐይ በዛብኝ ካለ ዘበኛ መጥራት የለበትም፤ ራሱ ይዘጋል። እንዲህ ዓይነቷን መዝጊያ እዚሁ ያለ አናጢ ይሠራታል።

ናይጄሪያ ውስጥ ኢባዳን ዩኒቨርሲቲ ያለውንም አስቡ። እንግሊዛውያኑ ባልና ሚስት ማክስዌል ፍራይና ጄን ድሩ ነደፉት። አገሩ ሙቅና ወበቃም ስለሆነ ሕንፃውን ንፋስ በሚያሳልፍ ባለ ቀዳዳ ግድግዳ ከበቡት። እዚያ በረከት ነው። እኛ ጋ ብታመጡት? አንባቢው በሳንባ ምች ይሄዳል። ቪቦርግ፣ ኤክሴተር፣ ኢባዳን፤ ሦስቱም ዘመናዊ ናቸው፤ አንዱም አንዱን አይመስልም።

ግድግዳውስ? እዚህ ላይ ጥርብ ድንጋይ እያለልን ስለ መስታወት መጨቃጨቃችን ያሳዝነኛል። ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ቀን የተቀበለውን ሙቀት ቀስ እያለ ማታ ይሰጣል። ማታ ለማጥናት ለሚመጣ ልጅ ይህ ስጦታ ነው። ዓምዱና ወለሉ ኮንክሪት ይሁን፤ ግድግዳው ድንጋይ። ወለሉን ደግሞ አደራ! መሐንዲሶች ታውቃላችሁ፤ ለመኖሪያ ቤት ወለል በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ግራም ያህል ጭነት ይታሰባል፤ ለመጽሐፍ መደርደሪያ ክፍል ግን 700 ኪሎ ግራምና ከዚያ በላይ ነው። መጽሐፍ ከባድ ነው። «ፎቁ ላይ ያለውን የስብሰባ ክፍል መደርደሪያ እናስገባበት» የምትሉ፣ እባካችሁ አስቀድማችሁ አስለኩት።

በሩ! ያዙልኝ ያልኳችሁ። ሁለት በር፣ በመሐላቸው ትንሽ መተላለፊያ። የውጪው ሳይዘጋ የውስጡ አይከፈት። ርካሽ ነው፤ ከየትኛውም ማሞቂያ ይልቅ ይጠቅማል። ጣሪያው ደግሞ ተዳፋት ይኑረው። ጠፍጣፋ ጣሪያ የዘመናዊው ሕንፃ ትልቁ ድክመት ነው፤ የትም አገር ያፈሳል። በኛ ክረምትማ!

መብራትስ ይጠፋ የለም? መስኮቱ በትክክል የተቀመጠ ቤት መብራት ቢጠፋም ቀኑን ሙሉ ሥራ አያቆምም። ይህንን ለበጀት ኃላፊዎች ነው የምናገረው።

ሦስተኛው ላይ ደረስን። ቤቱ የማን ነው?

እኛ መጽሐፍ ለመጠበቅ እንግዳ ሕዝብ አይደለንም። ይህችን ከተማ የቆረቆረው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ራሱ መጻሕፍት የጻፈና ያስጻፈ ንጉሥ ነው። በየአድባራቱ ዕቃ ቤት ብራናዎች በማኅደር ገብተው ግድግዳ ላይ ተሰቅለው ስንት መቶ ዓመት አለፉ! በ1966 ዓ.ም. ገደማ የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ሲጀመር በመጨረሻ ከ9,000 በላይ ብራናዎች ተነሡ፤ ብዙዎቹ ከሸዋ አድባራት የተገኙ ናቸው። ያን ሁሉ ያቆየልን ቁልፍ ነው። ቁልፉን የያዙትን አባቶች እግዚአብሔር ይስጥልን።

የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ግን ሥራው ሌላ ነው፤ እዚህ ቁልፉ ጠላት ሊሆን ይችላል። እኔ የተማርኩበት ትምህርት ቤት መጽሐፍ የሚሰጠው በሽቦ ወንፊት በተከለለች መስኮት ነበር። ቁራጭ ወረቀት ላይ ርዕሱን ጽፋችሁ ታቀብላላችሁ። ርዕሱን ካላወቃችሁስ? ካላወቃችሁማ ምን ትጠይቃላችሁ! አንድ ቀን «ስለ ከዋክብት የሚያወራ ማንኛውም መጽሐፍ» ብዬ ጻፍኩ። ወረቀቷ ተመለሰችልኝ፤ ከጀርባዋ «ተማር!» ተብሎ ተጽፎባታል። እኔም ለመማር ነበር የመጣሁት።

ስቶክሆልም ውስጥ ጉናር አስፕሉንድ የነደፈው የከተማው ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ1928 ሲከፈት ለስዊድን አዲስ የነበረው ነገር መደርደሪያው ክፍት መሆኑ ነው። ክብ አዳራሽ፣ ዙሪያውን መጽሐፍ፤ አንባቢው ራሱ ሄዶ ያነሣል፣ ገልጦ ያያል፣ ይመልሳል። ከዚያ ሽቦ መስኮት ጋር ስታስተያዩት ትልቁ የሥነ ሕንፃ ልዩነት ክቡ አዳራሽ ይመስላችኋል? ለኔ የሽቦው አለመኖር ነው።

«ክፍት ካደረግነው ይሰረቃል» የሚል አለ። አውቃለሁ። ለሱ መልሱን ከስዊድን አላመጣም፤ ከመንዝ ነው የማመጣው። እዚያ ያለውን የጓሳን የጋራ ሣር ምድር ማን ጠበቀው? ቀሮ በሚባለው ሥርዓት ሕዝቡ ራሱ፣ ወደ 400 ዓመት ገደማ። ሣሩ የሚታጨድበት ጊዜ አለ፤ የሚዘጋበት ጊዜ አለ፤ የጣሰ ይቀጣል፤ የሚጠብቁትን መሪዎች የሚመርጠው ባለ ድርሻው ነው። ሥርዓቱ ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ተዳክሞ ነበር፤ ቢሆንም ማኅበረሰቡ በሌላ መልክ አንሥቶት ጓሳ ዛሬም አለ፤ ጭላዳውም ቀይ ቀበሮውም እዚያው ናቸው። ይህንን ያህል ዘመን የጋራ ሣር የጠበቀ ሕዝብ የጋራ መጽሐፍ መጠበቅ ያቅተዋል? የጠበቀውኮ የራሱ ስለነበረ ነው። ቤተ መጻሕፍቱም ከምረቃው ሪባን በፊት የራሱ ካልሆነ ዘበኛ አያድነውም።

ታዲያ ማን ይግባበት? የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኙ፣ ቤቱ አንድ ክፍል ሆኖ ስምንት ሰው የሚኖርበት። ሲመሽ ወደ ቤት መመለስ የሚያስፈራት ተማሪ፤ ለሷ የቤቱ ቦታ ከገበያው ራቅ ካለ ቤቱ እንደሌለ ነው። ተፈናቅሎ ከኛ ዘንድ የተጠለለ፣ መታወቂያ ሲጠየቅ አንገቱን የሚደፋ ልጅ። የሥራ ማስታወቂያ ለማየት የመጣ ወጣት። ጋዜጣ የሚፈልጉ ጡረተኛ አባት። እናት ልጇን ይዛ። አዲስ አበባ 4 ኪሎ ላይ አብርሆት የተባለውን ቤተ መጻሕፍት በ2014 ዓ.ም. ከፍታለች፤ ደስ ይላል። ግን የመንዟ የሞላሌ ልጅ አብርሆት ድረስ በምን ይሂድ?

ስለ ሠራተኛና ስለ ሰዓት አጭር ነገር ልበል፤ ሰዓቴም እያለቀ ነው። ቅዳሜና እሑድ የሚዘጋ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የቢሮ ሠራተኛ ቤተ መጻሕፍት ነው። በማታ ይከፈት። ለሕንፃው ከሚመደበው ገንዘብ ጋር የባለሙያው ደመወዝና የየዓመቱ መጽሐፍ መግዣ አብሮ ይጻፍ፤ በሌላ ወረቀት አይደለም፣ በዚያው ወረቀት ላይ። መጸዳጃ ቤቱንም አትርሱ፤ ውሃ ያለው፣ ለሴቶች ለብቻው።

ተማሪዎቼ ያዘጋጁት አንድ ንድፍ በስተቀኝ ያለው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ ለአንድ የወረዳ ከተማ ታስቦ የተሠራ ነው። እርሳስ በገመድ አሥረን አጠገቡ አስቀምጠናል። አባቶች፣ ንፋሱ በየት በኩል እንደሚመታ ቀስት አድርጉልን። ተማሪዎች፣ የምትቀመጡበትን ወንበር ምልክት አድርጉ። ነጋዴዎች፣ እናንተም የምታውቁትን። ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ፤ ከኋላ ካሉት እንጀምር።

አመሰግናለሁ።